ባለቤቱ ሳይሰማ የተሸጠው አውራ ዶሮ

አራባ ትባላለች። ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ነው። ቤቷ ባሕሩ ዳር፣ ጀልባዎቹ ተጎትተው ከሚያድሩበት አሸዋ አጠገብ ነው። ያውም በጣም አጠገብ! ባሕሩ የተቆጣ ቀን ማዕበሉ እናቷ ዓሣ የምታጨስበትን ምድጃ ሊያጠፋባት ይመጣል። በኛ አገር ልጅ በተወለደበት ቀን ይሰየማል፤ አራባ የተባለችው ማክሰኞ ስለተወለደች ነው። እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ አትንሾካሾኩ! ማክሰኞ የተወለደ ሁሉ ዛሬ ጆሮውን ያቁም። ታሪኩ የእናንተ ነው።

አራባ እግሯ ፈጣን ነው። አፏ ደግሞ ከእግሯ ይፈጥናል። ክፉ ልጅ ግን አይደለችም። ይህንን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ እንዳትቀየሟት ብዬ ነው።

ከነአራባ ቤት ጎን አባባ ኦቱ ይኖሩ ነበር። አባባ ኦቱ የጀልባ አለቃ ነበሩ። ጀልባቸው ከባሕር ስትመለስ፣ ገና ሳትታይ የሳቸው ሳቅ ይሰማ ነበር። ከማዕበሉ በላይ! እንደዚያ ያለ ሳቅ እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሚስታቸው ሞታለች። ልጆቻቸው ሩቅ አገር ናቸው። የቀራቸው አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ነው።

ግን ምን ዓይነት አውራ ዶሮ! ደረቱ ቀይ፣ ጅራቱ እንደ ባሕር አረንጓዴ፣ አረማመዱ እንደ ሙሽራ። ስሙ ካፒቴን ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ አሸዋው ይወርድና በተደፋች ጀልባ ላይ ቆሞ ይጮሃል። ዓሣ አጥማጆቹ በሱ ድምፅ ነበር የሚነሡት። ማክሰኞ ማክሰኞ ባሕሩ ያርፋል፣ ማንም ጀልባ አይገፋም፣ ታውቃላችሁ። ካፒቴን ግን ማክሰኞ የሚባል ነገር አያውቅም። ይጮሃል። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ከነብርድ ልብሱ ተቀምጦ ይሰድበዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን አባባ ኦቱ ታመሙ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። በመጨረሻም «ከዚህ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለንም» አሉ።

ታዲያ አባባ ሜዳ ላይ ተጣሉ? አልተጣሉም! ኮረብታው ላይ እፎይታ ቤት አለ። የማይድን በሽታ የያዘው ሰው እዚያ ይወሰዳል። ይታጠባል፣ ያጎርሱታል፣ ይዘመርለታል። ሥቃይ የለም፣ ብቻውን የሚሆን ሰው የለም። ቤቱን የምትመራው ሲስተር ባዱዋ ናት። የሲስተር ባዱዋ መድኃኒት በሽታውን አያባርረውም፤ ሕመሙን ግን እንደ ሕፃን ያስተኛዋል። ማንም ክፈል አይባልም። ያንን ቤት የምንይዘው እኛው ነን፣ በየዓመቱ በመከር እሁድ በምንሰጠው።

ቤቱ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። ድሮ መጋዘን ስለነበረ በባሕሩ በኩል መስኮት የለውም። ድፍን ግንብ ነው። አስቡት እስቲ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕር ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ግንብ እያዩ ይተኛሉ። ባሕሩ ከግንቡ ማዶ ሲተነፍስ ይሰሙታል፣ አያዩትም። ስለዚህ በዚያ ዓመት ፓስተራችን «የዘንድሮው መከር ለመስኮት ነው!» አሉ። ሁላችንም እልል አልን።

አባባ ኦቱ ወደ ኮረብታው የሚሄዱ ቀን አራባን ጠሯት።

«አንቺ ቀበጥ፣ ነይ እስቲ። ካፒቴን አደራሽን።»

«እሺ አባባ።»

«አብይው፣ አጠጪው። ውሻ እንዳይነካው።»

«እሺ አባባ። እስኪመለሱ ድረስ ነው?»

አባባ እመለሳለሁ አላሉም። አለቃ አይዋሽም። «ነፋሱ ወደ ኮረብታው የነፈሰ እንደሆነ ድምፁን እሰማዋለሁ» ብቻ አሉና ጭንቅላቷን ዳበሷት።

አራባም አደራዋን ጠበቀች። ካፒቴን ወፈረ፣ አማረበት። ጎህ ሲቀድ ይጮሃል፤ አባባ ኦቱ ኮረብታው ላይ ተኝተው ይሰሙታል። ለሲስተር ባዱዋም «ይኸው፣ የኔ ልጅ ተነሥቷል» ይሏታል።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ።

ዝናቡ ሲጀምር የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስቤ ነግሬ ነበር። ያውም ጮክ ብዬ። «ለመከር እሁድ እያንዳንዳችሁ በገዛ እጃችሁ ያሳደጋችሁትን ታመጣላችሁ። ከእናት ጓዳ የተወሰደ አይቆጠርም!» አልኳቸው። አራባ ባሚያ ተከለች። ጥሩ ባሚያ ነበር የሚሆነው። ግን ዛሬ ገመድ ዝላይ አለ፣ ነገ ዋና አለ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋል። አንድ ቀን አጥሩን ሳትዘጋ ሄደች። ፍየሎች ደግሞ በር ክፍት ነው ተብለው መነገር አያስፈልጋቸውም! ስትመለስ አንዲት ግንድ ብቻ ቀርታለች። እሷም ላይ እንደ ሕፃን ጣት የቀጠኑ ጥቂት ባሚያዎች ተንጠልጥለዋል።

የመከር እሁድ ጠዋት ኩዌኩ በአጥሩ በኩል አለፈ። ኩዌኩ ረቡዕ የተወለደ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ዱባ ተሸክሟል። ዱባው ከሱ ይበልጣል።

«አራባ! ባሚያሽን ለጉንዳን ነው የምታጫርቺው?»

«ዝም በል፣ አንተ ዱባ!»

«ማክሰኞዎች! ባሕራችሁ ይተኛል፣ እናንተም ትተኛላችሁ! ዘንድሮም መጨረሻ ናችሁ!»

ይቺ ቃል ወጋቻት። በመከር እሁድ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ወንበር አለው፤ የሰኞ ልጆች ከሰኞ ጋር፣ የሐሙስ ልጆች ከሐሙስ ጋር። ባመጡት የሚያሸንፉት ባንዲራውን ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራሉ። የማክሰኞ ልጆች ባንዲራውን ነክተውት አያውቁም። ለነገሩ እኔ እሁድ ነው የተወለድኩት፤ እኛም ብዙ አልነካነውም፣ እሱ ይቅር።

አራባ ባሚያዋን አየች። አፈረች። ዞር ስትል ካፒቴን አጥሩ ላይ ቆሟል። ፀሐይ ጅራቱ ላይ ታበራለች።

ያኔ ያ ሐሳብ መጣ። ፈተና መቼም «እኔ ፈተና ነኝ» ብሎ አይመጣም፣ ልጆቼ። ጥሩ ሐሳብ መስሎ ነው የሚመጣው። «የመከር ዕቃ'ኮ ተሽጦ ይመለሳል» አለች ለራሷ። እውነቷን ነው። የኛን ጨረታ ታውቁታላችሁ። አንዱ አናናስ ይገዛል፣ ይከፍላል፣ አይወስደውም። «ድጋሚ ይሸጥ!» ብሎ ይመልሰዋል። ሌላው ይገዛል፣ እሱም «ድጋሚ ይሸጥ!» ይላል። ባለፈው ዓመት የእናቷ የዓሣ ቅርጫት እጀታው እስኪወልቅ ተሽጦ ማታ ከነሱ ጋር ወደ ቤት ተመልሷል። «ካፒቴንም ማታ ይመለሳል። ለአንድ ቀን ብቻ ነው። አባባም አያውቁም።»

ካፒቴንን ብብቷ ሥር አድርጋ ሮጠች።

ወይ ያ ቀን! ከበሮው፣ ነጫጭ መሐረቦቹ፣ በየራሱ ላይ የተሸከመው ያም የተባለው ሥራ ሥርና ሙዝ! ሰው እየጨፈረ ነው የሚገባው። አጫራቻችን ጋሽ ኢሶን መድረኩ ላይ ቆመዋል። እንደሳቸው ያለ ጉሮሮ እግዚአብሔር ሁለት አልፈጠረም። የኩዌኩ ዱባ ብዙ ጊዜ ተሸጠ። ኩዌኩ አንገቱ ረዘመ። ከዚያ አራባ ወጣች።

ጋሽ ኢሶን ዶሮውን አዩና ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ይሄ የአባባ ኦቱ ካፒቴን አይደለም እንዴ?»

ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። አራባ እዚያ ላይ «አዎ፣ ይቅርታ» ብላ መመለስ ትችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ግን ኩዌኩን አየችው። እየሳቀ ነው።

«አባባ… ሰጥተውኛል» አለች። «ለመከሩ ብለው ሰጥተውኛል።»

አይ ልጆቼ! ከዚያ በኋላ የሆነውን በቃል መናገር ይከብደኛል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ «ያለው እሱ ብቻ ነው'ኮ» አለ፤ ለራሱ ነው ያለው፣ ግን ሁላችንም ሰማነው። ሞት አፋፍ ላይ የተኛ ሰው ያለውን አንድ ነገር ሰጠ! እኔ መሐረቤን አውጥቼ አለቀስኩ። ጎኔ ያለችውም አለቀሰች፤ መሐረብ ስላልነበራት በኔው ጠረገች።

ጋሽ ኢሶን ዶሮውን ከፍ አደረጉት። «አንደኛ! ሁለተኛ! ሦስተኛ ልል ነው…»

«ኩኩሉ!» አለ ካፒቴን።

ሰዉ ፈነዳ። ዋጋው ዘለለ። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ገዛው። ከፈለና ዓይኑን እየጠረገ «ድጋሚ ይሸጥ!» አለ። መረብ ሠሪው ገዛ፤ «ድጋሚ ይሸጥ!» የዓርብ ወንበር ተሰብስቦ ገዛ። ፓስተሩ ራሳቸው ገዙ። ጋሽ ኢሶን «ሦስተኛ» ሊሉ ባሉ ቁጥር ካፒቴን ይጮሃል፣ ሌላ እጅ ይነሣል። ስንት ጊዜ እንደተሸጠ የቆጠረ የለም። የጋሽ ኢሶን ጉሮሮ ተዘጋ። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ! መስኮቱ ተገኘ። መስኮቱ ብቻ አይደለም፣ ለመድኃኒቱና ለሲስተር ባዱዋ ሞተር ነዳጅም ተረፈ።

በመጨረሻ ከኋላ አንዲት እንግዳ ተነሡ። ወይዘሮ ሰርዋ ይባላሉ፤ የኩማሲ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እህታቸውን ሊጠይቁ ቅርባችን ወዳለችው ኬፕ ኮስት መጥተው ነው እግረ መንገዳቸውን እኛ ዘንድ የገቡት። የጠሩት ዋጋ ሲሰማ ማንም ሌላ እጅ አላነሣም።

«ድጋሚ ይሸጥ!» ብለን ልንጮህ አፋችንን ከፈትን።

«እወስደዋለሁ!» አሉ ወይዘሮ ሰርዋ። «የተባረከ ዶሮ ነው። የተባረከ ሾርባ ይወጣዋል!»

ሰው አጨበጨበ። የገዛ የመውሰድ መብት አለው፣ ምን ይባላል? ባንዲራው ለማክሰኞ ተሰጠ። አራባ ከፊት ይዛው ቤተ ክርስቲያኑን ስትዞር የወይዘሮ ሰርዋ መኪና ሞተሩን አስነሣ። የካፒቴን ጭንቅላት በመስኮት ወጣ። አራባን አያት። ከዚያ መኪናው ሄደ።

ማታ የአራባ እራት፣ የበቆሎ ኬንኬዋ ከነዓሣው ፊቷ ቀረ።

«ምነው?» አለች እናቷ። «ያን ሁሉ ክብር አግኝተሽ?»

«አሞኛል።»

«ክብር ያማል እንዴ? ብዪ!»

አልወረደላትም።

ሰኞ ጎህ ቀደደ። ማንም አልጮኸም። ዓሣ አጥማጆቹ አረፈዱ። ፀሐይ ወጥታ ከፍ ስትል ዓይናቸውን እያሹ ወደ አሸዋው ወረዱ። «ካፒቴንን ሸጠን እንቅልፍ ገዛን!» ተባብለው ሳቁ። አራባ አልሳቀችም።

ሲስተር ባዱዋ በሞተሯ መጥታ አራባ ፊት ቆመች። እሷ እሁድ ከሕመምተኞቿ ስላልተለየች ስለ ጨረታው አልሰማችም ነበር።

«አራባዬ፣ ካፒቴን ታሟል እንዴ?»

«ለምን ሲስተር?»

«አባባ ዛሬ ድምፁን አልሰሙም። ነፋሱ'ኮ ወደኛ ነበር። 'አለቀ፣ ጆሮዬ ቀድሞኝ ሄደ' ብለው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ውሃ እንኳ እንቢ ብለዋል። እባክሽ ይዘሽው ነይ። አንዴ ብቻ ይስሙት። ጊዜ የላቸውም።»

ሞተሩ ሄደ። አራባ እዚያው ቆመች። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፓስተሩና ምእመናኑ ከበሮ ይዘው ኮረብታውን ሊወጡ ነው። አባባ ኦቱን ሊያመሰግኑ! ላልሰጡት ስጦታ!

አንድ ልጅ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ከጀልባ ሥር መደበቅ ይቻላል። አራባ ጀልባዋን አየቻት፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ግን ወደ ኮረብታው ዞረች።

እፎይታ ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። ልጆች ስለዚያ ቤት ብዙ ያወራሉ። ጨለማ ነው ይላሉ፣ ሰው ያቃስታል ይላሉ። እሷ በሩ ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው ቤቱ ነጭ ነው። አንሶላው ነጭ፣ ወለሉ የታጠበ፣ አየሩ የሳሙናና የሎሚ ሣር ሽታ አለው። አንዲት በጣም ያረጁ ሴት ተኝተዋል። ሲስተር ባዱዋ በራሰ ጥጥ ከንፈራቸውን ታርሳለች፤ እያረሰች ቀስ ብላ ትዘምራለች። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ በጣታቸው ዜማውን ይመታሉ። አራባ የቆመችበት ቀረች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ጫማዋን አወለቀች፣ ማንም ሳያዛት።

አባባ ኦቱ ጥግ ላይ ነበሩ። ትንሽ ሆነዋል። ፊታቸው ወደ ግንቡ ነው።

«አባባ» አለች።

ዞሩ። «ጆሮዬ ሰው ይሰማል፣ ካፒቴንን አይሰማም» አሉ። «ምን ጉድ ነው?»

«ጆሮዎ ደህና ነው አባባ። ካፒቴን የለም።»

«ሞተ?»

«ተሸጠ።»

«ማን ሸጠው?»

«እኔ።» ከዚያ ሁሉንም አወጣችው፤ ባሚያውን፣ ፍየሎቹን፣ ዱባውን፣ ባንዲራውን። «እርስዎ ሰጡ ብዬ ዋሸሁ። ይመለሳል ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ወሰዱት። ሾርባ ሊሠሩት ነው!» ብላ አለቀሰች።

አባባ ዓይናቸውን ወደ ግንቡ መለሱ። ከግንቡ ማዶ ባሕሩ ተነፈሰ።

«ስንት ጊዜ ተሸጠ?»

«የጋሽ ኢሶን ጉሮሮ እስኪዘጋ።»

«የኢሶን ጉሮሮ ተዘጋ?»

«አዎ። ዛሬም በእጃቸው ነው የሚያወሩት።»

የአባባ ደረት መንቀጥቀጥ ጀመረ። አራባ ሲስተርን ልትጠራ ብድግ አለች። ሳቅ ነበር! ያ የድሮው ሳቅ፣ ቀጥኖ ቀጥኖ። «ተመስገን! ማንም የማይዘጋውን ጉሮሮ ዶሮ ዘጋው!» ሳቁ ሳል ሆነ። ከዚያ እንባ ሆነ።

«አየሽ ልጄ» አሉ። «እዚህ ከተኛሁ ጀምሮ ሁሉም ይሰጠኛል። ሲስተር ውሃ ትሰጠኛለች። ሰው ይመጣል፣ ብርቱካን ይሰጠኛል። እጄ መቀበል ብቻ ሆነ። እኔ የጀልባ አለቃ ነበርኩ፤ ዓሣ ይዤ ስመጣ መንደሩ ሁሉ ከእጄ ይበላ ነበር። አሁን የምሰጠው የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንቺ ዶሮዬን አይደለም የወሰድሽብኝ። መስጠቴን ነው የወሰድሽብኝ። ብትጠይቂኝ'ኮ በሁለት እጄ ነበር የምሰጠው!»

አራባን ይቺ ናት የሰበረቻት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«በይ አሁን ጠይቂኝ።»

«አሁን? ተሽጦ አልቆ?»

«ጠይቂኝ አልኩ!» አሉ በአለቃ ድምፅ።

አራባ ተንበረከከች። «አባባ ኦቱ፣ ካፒቴንን ለመከሩ ይሰጣሉ? ለመስኮቱ?»

አባባ ሁለት እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። በጣም ከስተዋል። ዘረጓቸው፤ ዶሮው እዚያ ያለ ይመስል ወደ ላይ አነሡትና ለቀቁት። «ሰጠሁ» አሉ። «ሂጂ፣ አሁን እውነቱን ንገሪያቸው። ዶሮውን ግን መልሱ እንዳትዪ። የሰጠሁትን አልጠይቅም።»

ሲስተር ባዱዋ ጥጡን ይዛ ቆማ ታለቅስ ነበር። እሷ እንግዲህ ስንቱን ያየች ናት!

አራባ ኮረብታውን ወረደች። ፓስተሩና ምእመናኑ ከበሮውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው። እኔም ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ተናገረች። «ዋሽቻለሁ። አባባ እሁድ አልሰጡም ነበር። ዛሬ ነው የሰጡት። ባንዲራው የማክሰኞ አይደለም።» ኩዌኩ አፉን ከፈተ። አየችው። ምንም ሳይል ዘጋው። እሱ ልጅም ልብ አለው።

ፓስተሩ ስልካቸውን አወጡ፣ ወይዘሮ ሰርዋ ዘንድ ደወሉና ለአራባ ሰጧት።

«ሃሎ? እማማ፣ እኔ ዶሮውን ያመጣሁት ልጅ ነኝ። ዋሽቼዎታለሁ። ያልተጠየቀ ሰው ዶሮ ነበር። አሁን ግን ጠይቄያቸው ሰጥተዋል። ዶሮው የእርስዎ ነው። የማንን ስጦታ እንደያዙ ይወቁ ብዬ ነው።»

«ሽንኩርቱን ልጬ ጨርሻለሁ'ኮ» አለ የወይዘሮ ሰርዋ ድምፅ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ማክሰኞ ሆነ። ባሕሩ አርፏል። ማንም ጀልባ አልገፋም። ታዲያ ዓሣ አጥማጆቹ ተኙ? መዶሻና መሮ ይዘው ኮረብታውን ወጡ! ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ መረብ ሠሪው። ግንቡን ሲመቱት ኮረብታው ራሱ የዘመረ መሰለኝ። ሕመምተኞቹ አቧራ እንዳይነካቸው ከበሩ ፊት ዛፍ ሥር ተኝተው ይሰማሉ። ኩዌኩ የፈረሰውን ድንጋይ ያግዛል። አራባም ታግዛለች። ጥግ ላይ አንዲት ቅርጫት አስቀምጣለች፤ ውስጧ እነዚያ እንደ ሕፃን ጣት የቀጠኑ ባሚያዎች አሉ።

እኩለ ቀን ላይ መኪና ወጣ። ወይዘሮ ሰርዋ ወረዱ። ብብታቸው ሥር ካፒቴን!

«እዩ!» አሉ። «ይህ ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ጮኾ እህቴን ከነባሏ አሳበዳቸው። ቢላዋውን እንኳ ሰድቦታል!» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ዛፉ ሥር ወደተኙት አባባ ኦቱ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ዶሮውን ደረታቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

«አባቴ፣ ስጦታዎ ደርሶኛል። ወግ ደግሞ ወግ ነው።» ቀና አሉና በኩማሲ ገበያ ድምፃቸው ጮኹ፤ «ድጋሚ ይሸጥ!»

እኛም «ድጋሚ ይሸጥ!» ብለን ኮረብታውን አናጋነው። ጋሽ ኢሶን ጉሮሯቸውን አሹ፣ አልወጣላቸውም። በእጃቸው አጨበጨቡ።

«ግን ሾርባዬ ቀረብኝ!» አሉ ወይዘሮ ሰርዋ። «የተላጠ ሽንኩርት ይዤ መጥቻለሁ። ምን ላድርገው?»

አራባ ቅርጫቷን ይዛ ቀረበች። አንገቷን ደፍታ ነው። «ይህ የኔ ነው። ትንሽ ነው። እኔ ነኝ የተከልኩት… ከፍየል የተረፈ ነው።»

ወይዘሮ ሰርዋ ባሚያውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ገዙት። ከፈሉ። እኔ ድስት ጣድኩ፤ የአራባ እናት የታጨሰ ዓሣ አመጣች። የባሚያ ሾርባ ሠራን። ባሚያ ያዳልጣል፣ ታውቁታላችሁ፤ መዋጥ ላቃተው ሰው ጉሮሮ እሱ ብቻ ነው የሚወርደው። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ጠብታ ያልቀመሱት አባባ ኦቱ ከአራባ እጅ አንድ ማንኪያ ዋጡ። ሁለተኛም ዋጡ። አራባ ማንኪያውን ትይዛለች፣ አባባ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። «ይሄ የማነው?» አሉ። «የኔ ነው አባባ» አለች። «ያስታውቃል» አሉ።

ወደ ማታ ሥራው አለቀ። አልጋዎቹን መለስናቸው። አባባ ኦቱን ወደ አዲሱ መስኮት አዞርናቸው።

ልጆቼ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ባሕሩ ሁሉ ቤት ገባ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፤ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ወርቅ ነው። አንዲት ጀልባ የለችበትም። አይንቀሳቀስም። እንደዚያ ትልቅ የሆነ ነገር እንደዚያ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። ዓሣ አጥማጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ባሕር ነው፣ ግን ኮፍያቸውን አወለቁ። ማንም አልተናገረም። እኔ እንኳ አልተናገርኩም፤ ይህንን ማን ያምነኛል?

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሉ አባባ ኦቱ ቀስ ብለው። «እዩት፣ እሱም ያርፋል። እንዴት ያምርበታል።»

ያኔ ካፒቴን መስኮቱ ላይ ዘሎ ወጣ። ደረቱን ነፋ። ወደ ባሕሩ ዞረና ጮኸ፤ በማታ ያውም በማክሰኞ!

«ኩኩሉ!»

አባባ ኦቱ ፊታቸው በራ። የአራባን እጅ ያዙ።

«ሰማሽ?» አሉ። «ጆሮዬ ደህና ነው!»

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ባሕሩን እያዩ፣ ካፒቴንን እየሰሙ ቆዩ። ሲሄዱም ፊታቸው ወደ ግንብ አልነበረም። ካፒቴን አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ነው የሚኖረው፤ አራባ ጠዋት ጠዋት ኮረብታውን ወጥታ ታበላዋለች። የባሚያዋም አጥር ዘንድሮ ተዘግቶ ነው የሚውለው።

ልጆቼ፣ ስትሰጡ የራሳችሁን ስጡ፤ ትንሽም ቢሆን የናንተ የሆነውን፣ የሰውን ግን ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትንኩ።